ጎንደር ላይ ሆኖ ለእንግሊዝኛ ብቃት ፈተና መዘጋጀት፤ የቱ ፈተና፣ በየትኛው የልምምድ መንገድ?

በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ለመማር የሚያስቡ የጎንደር ወጣቶች ቀድመው የሚጠይቁት ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ቶፍል ይቀላል ወይስ አይኤልትስ?» ይላሉ። ፈተናዎቹ የሚለኩት ያንኑ የማንበብ፣ የማዳመጥ፣ የመናገርና የመጻፍ ችሎታ ስለሆነ፣ በአንዱ ደካማ የሆነ ሰው በሌላው ብርቱ ሆኖ የሚገኝበት ዕድል ጠባብ ነው፤ ስለዚህም «የቱ ይቀላል?» ለሚለው ጥያቄ የሚያረካ መልስ አይገኝለትም። ለውጥ የሚያመጡት ሌሎች ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፤ ፈተናውን የት ተቀምጬ እወስደዋለሁ? በምለማመድበት ጊዜስ ስሕተቴን የሚያሳየኝ ማን ነው? ከዚህ በታች ፈተናዎቹም ሆኑ የልምምድ መንገዶቹ የሚነጻጸሩት በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ነው።

ወደ ንጽጽሩ ከመግባት በፊት ግን ፈተናው በእርግጥ የሚያስፈልግ መሆኑን ማጣራት ብዙ ገንዘብ ያድናል። በአገራችን የከፍተኛ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ በመሆኑ፣ አንዳንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች አመልካቹ ከተመረቀበት ተቋም ሬጅስትራር የተጻፈ፣ የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ እንደነበር የሚገልጽ ደብዳቤ በፈተናው ምትክ ይቀበላሉ። ለሚያመለክቱበት የትምህርት ክፍል አንድ ኢሜይል ጽፎ መጠየቅ ምንም አያስከፍልም፤ መልሱ «አንቀበልም» ቢሆን እንኳ የትኛውን ፈተናና ስንት ነጥብ እንደሚፈልጉ በዚያው ይታወቃል።

ሦስቱ ፈተናዎች ከጎንደር ሲታዩ

አይኤልትስ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የሚሰጥ ሲሆን፣ የብሪቲሽ ካውንስል፣ አይዲፒ የተባለው የአውስትራሊያ ድርጅትና ካምብሪጅ በጋራ ያስተዳድሩታል። ለዩኒቨርሲቲ የሚያስፈልገው «አካዳሚክ» የተሰኘው ዓይነት ነው። ማዳመጡ 30 ደቂቃ ገደማ ወስዶ 40 ጥያቄዎች፣ ንባቡ 60 ደቂቃ ወስዶ እንዲሁ 40 ጥያቄዎች አሉት፤ በጽሕፈቱ 60 ደቂቃ ውስጥ አንደኛው ቢያንስ 150፣ ሁለተኛው ቢያንስ 250 ቃላት ያላቸው ሁለት ጽሑፎች ይጻፋሉ፤ ሁለተኛው የአንደኛውን እጥፍ ክብደት ይይዛል። ንግግሩ ከ11 እስከ 14 ደቂቃ የሚፈጅ ሆኖ ከፈታኝ ሰው ጋር በመነጋገር ይካሄዳል፤ ውጤቱም እስከ 9 ይደርሳል። የዚህ ፈተና ቅርጽ ለብዙ ዓመታት ሳይለወጥ መቆየቱ ለእኛ ከፍተኛ ትርጉም አለው፤ ምክንያቱን የመጻሕፍቱ ነገር ሲነሣ እመለስበታለሁ።

ቶፍል ኢቲኤስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት የሚያዘጋጀው ፈተና ሲሆን፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በኮምፒዩተር የሚሠራ ነው፤ ተፈታኙ የሚናገረውም ለማይክሮፎን እንጂ ለሰው አይደለም። ይህ ፈተና በቅርብ ዓመታት ደጋግሞ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2023 ከሦስት ሰዓት ወደ ሁለት ሰዓት አጠረ፤ ከጃንዋሪ 21 ቀን 2026 (ከጥር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.) ጀምሮ ደግሞ ይዘቱም ነጥብ አሰጣጡም ተቀየረ። አሁን በንግግሩ ክፍል የሰሙትን ዓረፍተ ነገር መድገምና ለቃለ መጠይቅ መመለስ፣ በጽሕፈቱ ክፍል የተበታተኑ ቃላትን ወደ ዓረፍተ ነገር ማቀናጀት፣ ኢሜይል መጻፍና በአንድ የክፍል ውይይት ላይ ሐሳብ መስጠት አለ። የንባቡና የማዳመጡ ሁለተኛ ዙር ተፈታኙ በመጀመሪያው ዙር ባሳየው ውጤት ላይ ተመሥርቶ ይከብዳል ወይም ይቀልላል። ነጥቡም ከ120 መሆኑ ቀርቶ ከ1 እስከ 6 ሆኗል፤ አሮጌው ነጥብ ለሽግግሩ ጊዜ ጎን ለጎን ይታያል።

ለሁለቱም ፈተናዎች ከጎንደር የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ መውረድ ይኖርበታል። በመኪና መንገዱ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ያውም መንገዱ ሁልጊዜ የሚታመን አይደለም፤ ከአዘዞ አየር ማረፊያ በአውሮፕላን ቢሆን የአንድ ሰዓት ገደማ ጉዞ ነው። ስለዚህ የፈተናው ዋጋ ሲሰላ የመዝገብ ክፍያው ብቻ ሳይሆን የትራንስፖርቱ፣ የአልጋውና የምግቡ ወጪ አብሮ መደመር አለበት። በማለዳ ደርሰው በቀጥታ ወደ ፈተና ክፍል የሚገቡ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ይህን ማንም እንዲያደርገው አልመክርም።

ሦስተኛው የዱዎሊንጎ ፈተና ነው። ከቤት ሳይወጡ በራስ ኮምፒዩተር በአንድ ሰዓት ገደማ ይጠናቀቃል፤ ዋጋው ከሁለቱ በብዙ ያነሰ ነው፤ ነጥቡ ከ10 እስከ 160 ሲሆን ውጤቱ በሁለት ቀን ውስጥ ይደርሳል። በወረቀት ላይ ሲታይ ለጎንደር ተፈታኝ የተሠራ ይመስላል። ችግሩ ተፈታኙን በካሜራና በማይክሮፎን የሚከታተል በመሆኑ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ቢገባ፣ ዓይን ከስክሪኑ ደጋግሞ ቢሸሽ ወይም መስመሩ ቢቋረጥ ፈተናው ውድቅ ሊሆን ወይም እንደገና መጀመር ሊያስፈልግ ይችላል። መብራት በጠፋ ጊዜ ላፕቶፑ በባትሪው መሥራቱን ይቀጥላል፤ የቤቱ ዋይፋይ ግን አብሮ ይጠፋል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መቆየቱን የሚያስታውስ ሰው፣ የማመልከቻውን የመጨረሻ ሳምንት በእንዲህ ያለ ፈተና ላይ መጣሉን ያስብበታል። ክፍያውም ዓለም አቀፍ ካርድ ስለሚጠይቅ አብዛኛው ተፈታኝ ውጭ ያለ ዘመድ ያስቸግራል። በሌላ በኩል በድረ ገጹ ላይ በነጻ የሚሰጠው የመለማመጃ ፈተና፣ ዋናውን ፈተና የማይወስድ ሰው እንኳ የራሱን ደረጃ በግምት እንዲያውቅ ይረዳዋል።

የእኔ ፍርድ እንደሚከተለው ነው። ዩኒቨርሲቲው ሦስቱንም የሚቀበል ከሆነና የአንድ ጉዞ ወጪ መሸፈን ከተቻለ፣ ጎንደር ላይ ለሚለማመድ ሰው አይኤልትስ ይመረጣል። ምክንያቱ ቀላልነቱ አይደለም፤ ያለ ኢንተርኔትና ያለ መብራት በደንብ ሊለማመዱት የሚቻል ፈተና በመሆኑ ነው። የንግግሩ ክፍል ሌላ ሰው፣ የጽሕፈቱ ክፍል ወረቀትና ሰዓት ብቻ ይፈልጋል። ሰው ፊት ሲቀርብ ምላሱ የሚታሰርና በኪቦርድ ፈጥኖ የሚጽፍ ግን ቶፍልን ቢመርጥ አይጸጸትም። ዱዎሊንጎ የሚመረጠው ቀኑ ሲያጥር ወይም ጉዞው ሳይቻል ሲቀር ነው።

ልምምዱ፤ ገንዘብ የሚያስፈልገው የቱ ላይ ነው?

ከአራቱ ክህሎቶች ሁለቱ፣ ማለትም ንባብና ማዳመጥ፣ የመልስ ቁልፍ አላቸው። ተለማማጁ ይሠራል፣ ቁልፉን ይከፍታል፣ ስንት እንዳገኘ በዚያው ሰዓት ያውቃል። በአይኤልትስ ከ40ው ጥያቄ 23 ያገኘ ወደ 6፣ 30 ያገኘ ወደ 7 ነጥብ እንደሚጠጋ አዘጋጆቹ ራሳቸው ስለሚያሳውቁ፣ ለዚህ ክፍል መምህር መቅጠር እምብዛም አያስፈልግም። ንግግርና ጽሕፈት ግን ቁልፍ የላቸውም። አንድ ሰው ለሦስት ወር በየቀኑ አንድ ጽሑፍ ቢጽፍና ማንም ባያርምለት፣ በሦስተኛው ወር ያንኑ ስሕተት በበለጠ ፍጥነት ይሠራዋል። እንግዲህ ገንዘብም ሆነ የሰው ውለታ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቻችን የምናደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ከፍለን ገብተን ምንባብ እናነባለን፣ ድርሰታችንን ግን ለብቻችን ጽፈን ለብቻችን እናደንቃለን።

ይህን የምለው በራሴ ደርሶብኝ ነው። ከዓመታት በፊት በከተማችን በአንድ ማሠልጠኛ ከፍዬ ለሁለት ወር ተምሬአለሁ። በክፍሉ ውስጥ 35 ሰዎች ነበርን፤ የአንድ ሰዓቱ ክፍለ ጊዜ ለንግግር ብቻ ቢውል እንኳ ለእያንዳንዳችን ሁለት ደቂቃ አይደርስም ነበር። በሁለት ወር ውስጥ የተመለሰልኝ አንድ ድርሰት ብቻ ሲሆን፣ ከግርጌው «ጥሩ ነው» የሚል ጽሑፍና አንድ የራይት ምልክት ነበረበት። መምህሩ ሰነፍ ነበር ማለቴ አይደለም፤ 35 ድርሰት በየሳምንቱ ማረም ከአንድ ሰው አቅም በላይ ነው። ስለዚህ ማሠልጠኛ የሚመርጥ ሰው ከዋጋውና ከማስታወቂያው በፊት ሊጠይቅ የሚገባው፣ በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ እንደሚገባና በሳምንት ስንት ጽሑፍ ታርሞ እንደሚመለስ ነው። መልሱ የሚያዳልጥ ከሆነ ያንኑ ገንዘብ ለአንድ አራሚ መክፈል ይሻላል። ክፍል የሚጠቅመው ብቻውን ሲሆን መጽሐፍ ለማይገልጥ፣ ሰዓት የሚያስጠብቀው ለሚፈልግ ሰው ነው፤ ይህም ቀላል ጥቅም አይደለም።

ለብቻ ማጥናት ርካሽ ነው፤ ነገር ግን የሚያጠኑበት ጽሑፍ ዕድሜ መታወቅ አለበት። በዩኒቨርሲቲው ግቢዎች ዙሪያ ባሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች የሚባዙት የቶፍል መጻሕፍት አንዳንዶቹ ከሃያ ዓመት በላይ የቆዩ ናቸው። ነጥቡን ከ310 እስከ 677 የሚያሰላ ወይም የሰዋስው ጥያቄን ራሱን የቻለ ክፍል አድርጎ የያዘ መጽሐፍ የድሮው የወረቀት ፈተና ነው። ስድስት የንግግር ጥያቄዎች ያሉት እ.ኤ.አ. ከ2019 በፊት የተዘጋጀ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2026ቱ ለውጥ በፊት የታተሙትም ቢሆኑ ለንባብ ችሎታ እንጂ ለፈተናው ቅርጽ አያገለግሉም፤ የቶፍል ተፈታኝ ከኢቲኤስ ድረ ገጽ አዲሱን ነጻ የመለማመጃ ፈተና ማውረድ ይኖርበታል። አይኤልትስን ያስመረጠኝ ሌላው ምክንያት ይህ ነው፤ ካምብሪጅ የሚያወጣቸው የቀድሞ ፈተናዎች ስብስቦች ከዐሥር ዓመት በፊት የታተሙት ሳይቀሩ ዛሬም በደንብ ይሠራሉ።

ማዳመጥን በሚመለከት፣ በኢንተርኔት ላይ መደገፍ ቀርቶ ድምፁን አስቀድሞ ማውረድ ይገባል፤ የሌሊት ጥቅል የሚሸጠው ለዚህ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። በአይኤልትስም በቶፍልም ድምፁ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚሰማ፣ ልምምዱም እንደዚያው መሆን አለበት። በመጀመሪያ አንድ ጊዜ ሰምቶ መመለስ፣ ከዚያ የተሳሳቱበትን ቦታ ጽሑፉን እያዩ ደጋግሞ መስማት ነው እንጂ፣ ገና ከጅምሩ እያቆሙና እየመለሱ መስማት ጆሮን ያሰንፋል።

የጥናት ጓደኛ፣ አራሚና ማሽን

የጥናት ጓደኛ ዋጋው ሻይ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች በሳምንት ሦስት ቀን በዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ ጥላ ሥር ወይም ፒያሳ ካሉት ካፌዎች በአንዱ ተቀምጠው፣ አንዱ ፈታኝ አንዱ ተፈታኝ ሆኖ በስልክ ሰዓት እየያዙ ቢለማመዱ፣ በሁለት ወር ውስጥ የሚገኘው ድፍረትና ቅልጥፍና በየትኛውም ክፍል አይገኝም። ከሦስት ሲበልጡ ግን ጨዋታው ወደ አማርኛ ይመለሳል።

የጓደኛ ልምምድ ጉድለት ጆሯችን አንድ መሆኑ ነው። ሁላችንም በአማርኛ ስለተቃኘን የጋራ ስሕተታችን አይሰማንም። «ስኩል» የሚለውን «እስኩል»፣ «ስትሪት» የሚለውን «እስትሪት» እያልን መግቢያ አናባቢ የምንጨምረው፣ በአማርኛ ሁለት ተነባቢዎች በቃል መጀመሪያ ላይ ተጣብቀው ስለማይቆሙልን ነው፤ ጓደኛዬም እንደዚያው ስለሚል አያርመኝም። የቃላትን አንድ ክፍል አጉልቶ ሌላውን አለስልሶ መናገርም ለእኛ አዲስ ነው፤ እኛ ቀለሞቹን ሁሉ በእኩል ክብደት እንጠራቸዋለን።

በጽሕፈት ላይ ነገሩ ይበረታል። በአማርኛ «ቤት» የነበረው «ቤቱ» ሲሆን የታወቀ መሆኑ በመጨረሻው ድምፅ ስለሚገለጽ፣ በእንግሊዝኛ ከስሙ በፊት ለብቻቸው የሚቆሙት «ኤ» እና «ዘ» ከእጃችን ያመልጣሉ። «ተነሥቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ቁርሱን በልቶ፣ መጽሐፉን ይዞ ወጣ» ብለን በአንድ ትንፋሽ የምንቀጥለው አነጋገር በአማርኛ ያማረ ነው፤ ያንኑ በእንግሊዝኛ በነጠላ ሠረዝ እያያያዝን ስንጽፈው ግን ፈታኙ ዓረፍተ ነገሩ አልተዘጋም ብሎ ነጥብ ይቀንሳል። ከዚህም በላይ የሐሳብ አቀማመጣችን ራሱ ይለያል። ሰሙን አስቀድሞ ወርቁን ለመጨረሻ ማቆየት ባህላችን ነው፤ የእነርሱ ፈተና ግን ወርቁን በመጀመሪያው አንቀጽ ውስጥ ይፈልጋል። አቋሙን እስከ መደምደሚያው ድረስ ሸሽጎ የሚያቆይ ድርሰት ቋንቋው የሰላ ቢሆን እንኳ «አቋሙ ግልጽ አይደለም» ይባላል።

እነዚህን ስሕተቶች የሚያይ ሌላ ዓይን ያስፈልጋል። የቅኔ ተማሪ ቆጥሮ ያመጣውን ለመምህሩ ሳይነግር አይውልም፤ መምህሩም ሰምቶ እዚያው ያርመዋል። የጽሕፈት ልምምድም በዚህ መልክ ቢሆን ይመረጣል። በከተማችን የእንግሊዝኛ መምህራን አሉ፤ አንዱን በሳምንት ሁለት ድርሰት ብቻ እንዲያርም ቢያነጋግሩት ክፍያው ከማሠልጠኛ ያንሳል። አራሚው ግን ነጥብ መስጫውን የሚያውቅ መሆን አለበት። አይኤልትስ ጽሑፍን የሚመዝንባቸው አራት መስፈርቶች፣ ማለትም ጥያቄውን መመለስ፣ የሐሳብ ቅደም ተከተልና ትስስር፣ የቃላት ሀብትና ሰዋስው፣ በይፋ የታተሙ ስለሆኑ፣ ሰነዱን አትሞ ለአራሚው መስጠት ይቻላል። ታርሞ የመጣውን ጽሑፍ አይቶ ማስቀመጥ አይበቃም፤ በሦስተኛው ቀን ያንኑ ርእስ እንደገና መጻፍ ነው ዋናው ሥራ።

አሁን አሁን ብዙዎች ድርሰታቸውን የሚያርሙት በቻትጂፒቲና በመሰሎቹ ነው። ለሰዋስው እርማት ይጠቅማሉ፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይም አይሰለቹም። ከሁለት ነገር ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። «ስንት ነጥብ ያገኛል?» ተብለው ሲጠየቁ የሚሰጡት ቁጥር የፈታኝ ቁጥር አይደለም፤ «አስተካክልልኝ» ሲባሉም ጽሑፉን አሳምረው እንደገና ስለሚጽፉት፣ ተማሪው የሌላ ሰው ድርሰት አንብቦ ይቀራል። «ስሕተቶቼን ብቻ ቁጠርልኝ፤ አታርማቸው» ብሎ ማዘዝና እርማቱን በራስ እጅ መሥራት ይሻላል።

ፋሲል ግቢ አጠገብ ቱሪስት ጠብቆ እንግሊዝኛ መለማመድን እንደ አንድ መንገድ የሚቆጥሩ አሉ። ለድፍረት ክፉ አይደለም። እንግዳው ግን በጨዋነቱ ስሕተትን አያርምም፤ ራሱም ቋንቋውን አቅልሎ ነው የሚናገረው፤ ርእሱም «ከየት መጣህ?» እና «ስንት ዓመትህ ነው?» ከሚሉት አያልፍም። ስለ ከተማ መስፋፋት ወይም ስለ ትምህርት ክፍያ ሁለት ደቂቃ ያለማቋረጥ መናገር የሚለመደው እዚያ አይደለም።

ለማን የቱ?

አንድ ዓመት ያህል ጊዜ ያለው ተማሪ ንባቡንና ማዳመጡን በነጻ በሚገኙት ፈተናዎች ለብቻው ይሥራ፤ ጓደኛ ይፈልግ፤ አራሚውን የመጨረሻዎቹን ሦስት ወራት ብቻ ይቅጠር። ቀድሞ መቅጠር ገንዘብ ማባከን ነው፤ መሠረታዊው ሰዋስው ሳይስተካከል አራሚው የሚያርመው በትምህርት ቤት መጽሐፍ ሊታረም የሚችለውን ነውና።

ስድስት ሳምንት ብቻ የቀረው የሥራ ሰው፣ ለምሳሌ ተረኛ ነርስ ወይም የባንክ ሠራተኛ፣ መጀመሪያ አንድ ሙሉ ፈተና ሰዓት ይዞ ይውሰድ፤ ከአራቱ ዝቅ ያለውን ለይቶ ከጊዜው ግማሹን ለዚያ ይስጥ። የዚህ ሰው ችግር ብዙውን ጊዜ እንግሊዝኛው ሳይሆን ሰዓቱ ነው፤ ሪፖርት በእንግሊዝኛ ሲጽፍ የኖረ ሰው እንኳ በ40 ደቂቃ ውስጥ 250 ቃላት አስቦ፣ ጽፎና አርሞ መጨረስ ይከብደዋል። ለእርሱ ክፍል መግባት ጊዜ መግደል ነው፤ አራሚ ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ያስፈልገዋል።

በስልክ ብቻ ሲጽፍ ያደገ ተፈታኝ፣ ፈተናው በኮምፒዩተር ከሆነ፣ ከሁሉ አስቀድሞ በኪቦርድ መጻፍን ይለማመድ። በቀን ግማሽ ሰዓት በዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ክፍል ወይም በኢንተርኔት ካፌ ለአንድ ወር ቢቀመጥ በቂ ነው። በኮምፒዩተር በሚሰጠው አይኤልትስ ላይ ከማዳመጡ በኋላ የሚሰጠው መልስ ማጣሪያ ጊዜ እንደ ወረቀቱ ፈተና 10 ደቂቃ ሳይሆን 2 ደቂቃ መሆኑም በልምምዱ ውስጥ መግባት አለበት።

ቀን የሚያዘው በልምምድ ፈተና የሚፈለገው ነጥብ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ሲገኝ ነው፤ ከማመልከቻው መዝጊያ ቢያንስ ሁለት ወር ቀደም ቢል ደግሞ አንዴ ቢወድቁ ለመድገም ጊዜ ይኖራል። ውጤቱ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ስለሆነ ከመጠን በላይ መቸኮልም አያስፈልግም። ሲመዘገቡ ስምን በፓስፖርቱ ላይ እንደተጻፈው፣ ፊደል በፊደል መሙላት ግድ ነው፤ የአባትና የአያት ስም በትራንስክሪፕቱ ላይ በሌላ አጻጻፍ ተጽፎ ከሆነ ሬጅስትራሩን አስቀድሞ ማነጋገር፣ አዲስ አበባ ደርሶ ከፈተና ክፍል በር ላይ ከመመለስ ያድናል።